ሁለት ሃይላንድ ውሃ

ባሕር ዳር ውስጥ ለመምህራን፣ ለተማሪዎችና ለጣና ሐይቅ ዳር ነዋሪዎች ያደረግኩት ንግግር ነው። ወደ ጽሑፍ ስመልሰው አነጋገሩን ብዙም አልነካሁትም።

እንደምን አመሻችሁ?

እነዚህን ሁለት ሃይላንዶች ጠረጴዛው ላይ ላስቀምጣቸው። ከኋላ የተቀመጣችሁ ካልታያችሁ ስንጨርስ መጥታችሁ ተመልከቷቸው። ሁለቱም የአንድ ሊትር ናቸው። የሞላኋቸው ባለፈው ሐምሌ ነው፤ በአንድ ቀን፣ አንድ ዝናብ እንዳባራ። ቦታው ደቡብ ጎንደር፣ ደራ ውስጥ ነው፣ ወደ ጉማራ ወንዝ ከሚገቡ ትንንሽ ጅረቶች አጠገብ። ከአንዱ ወደ ሌላው በእግር ሃያ ደቂቃ ቢፈጅ ነው።

ይኼኛውን የቀዳሁት ከታረሰ ማሳ ሥር ከሚወርድ ቦረቦር ነው። ስቀዳው የቡና አተላ ይመስል ነበር። ከዚያ ወዲህ ቤቴ መስኮት ላይ ሳይነቃነቅ ቆይቷል፣ አፈሩም ዘቅጧል። ዛሬም እንዳይናወጥብኝ ባጃጅ ውስጥ ጭኔ ላይ አቅፌው ነው የመጣሁት። ጣቴን አጠገቡ ላድርግ። አያችሁ? የአንድ ጣት ውፍረት አለው። ከአንድ ሊትር ውሃ የወጣ አፈር ነው።

ይኼኛው ደግሞ ከብት እንዳይገባበት ከተከለለ ተዳፋት ሥር የተቀዳ ነው። ቀጠን ያለ ሻይ ይመስላል፤ የበሰበሰ ቅጠል ቀለም ነው። ሥሩ ላይ ያለው ደለል ግን ክር ቢያክል ነው።

የዘነበው ያው አንድ ዝናብ ነው። የለያያቸው የወረደበት መሬት ነው። ዛሬ የማወራችሁ በሙሉ ከዚህ አይወጣም። ጣና የሚጎዳውም የሚድነውም ከጣና ርቆ ባለ መሬት ላይ ነው።

እኛ ባሕር ዳሮች ሐይቁን የምናውቀው ከዳር ሆነን ነው። አመሻሽ ላይ እንወጣለን፣ ዓሣ እንበላለን፣ ነፋስ እንቀበላለን። እንግዳ ሲመጣ በጀልባ ዘጌ ይዘነው እንሄዳለን። ስለዚህ ጣና ሲባል ዓይናችን ላይ የሚመጣው ውሃው ብቻ ነው። ውሃው ደግሞ ሰፊ ነው፤ ወደ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር። በአገራችን የሚተካከለው ሐይቅ የለም። ይህን ስፋት ያየ ሰው ጥልቅ ይመስለዋል።

አይደለም። አማካይ ጥልቀቱ 9 ሜትር ቢሆን ነው። ጥልቅ የሚባለው ቦታ እንኳ 15 ሜትር ገደማ ነው። ከከተማችን ባለ አምስት ፎቅ ሕንፃዎች አንዱን አንሥታችሁ ሐይቁ መሀል ብታቆሙት ጣሪያው ከውሃ በላይ ይቀራል። ጣና ምጣድ ነው እንጂ ጋን አይደለም። ጋን ውስጥ ጭቃ ቢገባ ሥሩ ይተኛል፣ ከላይ ያለው ይጠራል። ምጣድ ላይ እንዲያ የለም። ነፋስ ሲነሣ ማዕበሉ ታች ድረስ ይደርሳል፣ የተኛውን ደለል መልሶ ያነሣዋል። ውሃው ከጎሸ ብርሃን አይወርድም። ብርሃን ካልወረደ ደግሞ የዓሣው ምግብ የሚጀምርበት ጥቃቅን አልጌ አያድግም።

ወደዚህ ምጣድ ውሃ የሚያወርደው መሬት የሐይቁን አራት እጥፍ ያህላል። አስቡት፤ ለአንድ ጋሻ ውሃ አራት ጋሻ መሬት አለ። በወንዝ ከሚገባው ውሃ ከ10 እጅ 9ኙን የሚያመጡት አራት ወንዞች ናቸው። ግልገል ዓባይ ከሰከላ፣ ከግሽ ዓባይ ይነሣል። ጉማራና ርብ ከጉና ይወርዳሉ፤ ጉና ከ4,000 ሜትር በላይ ነው። መገጭ ከጎንደር በኩል ይመጣል። እንግዲህ ሰከላ ላይ አንድ ገበሬ ተዳፋት ሲያርስ፣ ጉና ሥር አንዲት እናት ላሞቿን ስታሰማራ፣ ጎንደር ውስጥ አንድ ሰው ቆሻሻውን ቦይ ውስጥ ሲጥል፣ ሦስቱም ሐይቁ ላይ እየሠሩ ነው። አንዳቸውም ግን ጣናን አያዩትም።

"ዓባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል" እንላለን። ይህን ተረት ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተነዋል። ግንዱን ልክ ነው ይዞት ይዞራል። አፈሩ ግን ማደሪያ አለው። ከእነዚህ አራት ወንዞች ከሚገባው ደለል አብዛኛው ከጣና አልፎ አይሄድም። ግልገል ዓባይ ሐይቁን በሚገናኝበት ቦታ ላይ ከሰማይ የተነሣ ፎቶ ያያችሁ እንደሆነ፣ መሬቱ እንደ ምላስ ወደ ውሃው ገብቶ ታያላችሁ። ያ ምላስ ከላይ የወረደ የሰው ማሳ ነው።

አሁን ወደ ማሳው ልውሰዳችሁ። ትንሽ ልቆይበት፤ ነገሩ ያለው እዚህ ነው።

ሰኔ መጨረሻ ላይ ከከተማ ውጡና ለጤፍ የተዘጋጀ መሬት እዩ። አራት አምስት ጊዜ ታርሷል። ልሟል። የጤፍ ዘር ምን ያህል ደቃቅ እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ ጓል ካለበት አይወጣም። ከዚያ አንዳንዱ ከብት ነድቶ ያስረግጠዋል። መሬቱ ላይ አንዲት ቅጠል የለችም። ራቁቱን ነው። ዶፉ የሚወርደው ልክ ያን ጊዜ ነው። የዝናቡ ጠብታ መሬቱን ይመታዋል፣ ደቃቁ አፈር ይፈርጣል፣ ቀዳዳው ይደፈናል። ከሥር ደግሞ በሬ ለዘመናት የረገጠው፣ ማረሻ የማይደርስበት ጠጣር ንብርብር አለ። ውሃው ወደ ታች መስረግ አቃተው። ስለዚህ ወደ ጎን ይሄዳል። ሲሄድ ባዶ እጁን አይሄድም።

ነሐሴ ላይ ተመልሳችሁ ሂዱ። ዝናቡ ያው ነው፤ እንዲያውም መሬቱ ጠግቧልና ጎርፉ ይብሳል። ውሃው ውስጥ ያለው ደለል ግን ቀንሷል። በኛ ተፋሰሶች ይህ ተደጋግሞ ተለክቷል። ለምን ቀነሰ? ቡቃያው መሬቱን ሸፍኖታል። ትልቁ የአፈር ጥፋት የሚደርሰው በሁለት ወር ውስጥ ነው፣ በሰኔና በሐምሌ። ይህን ያወቀ ሰው ዓመቱን ሙሉ አይጨነቅም፤ ለሁለቱ ወር መሬቱን በምን እሸፍነዋለሁ ብሎ ነው የሚያስበው።

አፈሩ ብቻውን አይወርድም። ፎስፈረስ የሚባለው ንጥረ ነገር ከደቃቁ አፈር ጋር ይጣበቃል። ገበሬው ዳፕ እያለ የለመደው ማዳበሪያ ውስጥ ያለው ይኸው ነው። አፈሩ ሲታጠብ ማዳበሪያውም አብሮ ይወርዳል። ሐይቁ ውስጥ ሆኖ የሚጠብቀው ማን ነው? እምቦጭ፣ ውሃ ላይ የሚንሳፈፈው አረም። ገበሬው በዕዳ የገዛውን እምቦጭ በነፃ ይበላዋል። ይህን ሳስብ እውነቱን ለመናገር እንቅልፍ ይነሣኛል።

እምቦጭ ሐይቃችን ላይ መኖሩ የታወቀው በ2011 እ.ኤ.አ. ነው፣ በሰሜን በኩል። አገሩ ደቡብ አሜሪካ ነው። የበረታው ደለል በሚገባባቸው በሰሜንና በምሥራቅ ዳርቻዎች ነው፤ ደምቢያ፣ ጎንደር ዙሪያ፣ ሊቦ ከምከም፣ ፎገራ። ሕዝቡ ደረቱ ድረስ ውሃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ነቅሏል። ማሽን መጥቷል። ከየአገሩ ገንዘብ ተዋጥቷል። እዚህ አዳራሽ ውስጥ የነቀላችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ፣ እጃችሁን አክብሬ እስማለሁ። መንቀሉ ይቀጥል። ግን ዘሩ ደለል ውስጥ ተቀብሮ እስከ 20 ዓመት መቆየት ይችላል። እኛ ደግሞ በየክረምቱ አልጋውንም ምግቡንም እንልክለታለን። ከታች እየነቀልን ከላይ እየመገብነው እስከ መቼ እንዘልቃለን?

በማሳውና በሐይቁ መካከል ድሮ አንድ ነገር ነበር። ደንገልና ፊላ የበቀለበት ረግረግ።

እናቶች ጠላ ሲያጠልሉ አይታችኋል። ጉሹ በማጥለያ ጨርቅ ያልፋል፣ አተላው ይቀራል፣ ጥሩው ጠብ ጠብ ይላል። የሐይቁ ዳር ረግረግ ማጥለያ ነው። ጎርፉ ደንገል ውስጥ ሲገባ ፍጥነቱን ያጣል። ፍጥነት ያጣ ውሃ አፈሩን ያስቀምጣል። የደንገሉ ሥር ፎስፈረሱንና ናይትሮጅኑን ይስባል። የቆሮሶ ዓሣ ጫጩት እዚያ ይደበቃል። ሆዱን የሚጎትተው ጉማሬም ቀን ቀን እዚያው አጠገብ ነው የሚውለው። ብርዱ በአውሮፓ ሲበረታ የሚሰደዱ ክሬን የሚባሉ ባለ ረጅም እግር ወፎች ወደ ፎገራ የሚመጡት ለዚሁ ረግረግና ሜዳ ብለው ነው።

ታንኳም የሚሠራው ከደንገል ነው። በሐይቁ ዳር የሚኖሩት ነገደ ወይጦዎች ሲሠሩ ቁጭ ብዬ አይቻለሁ። የደረቀውን ደንገል በእግራቸው ረግጠው፣ በእጃቸው ስበው፣ በልጥ እየጠፈሩ ጥቅልሉን ያጠብቁታል። የተሠራው ታንኳ ውሃ ሲጠግብ ወደ ዳር ይጎተትና ፀሐይ ላይ ይሰጣል። ብዙ አይቆይም፣ ሌላ መሥራት ያስፈልጋል። ስለዚህ ደንገል የሌለበት ዳርቻ ላይ ታንኳ ሠሪ መሆን አይቻልም። አንድ ታንኳ የሚሠሩ አባት፣ "ድሮ ከቤቴ ደጃፍ ነበር የማጭደው፤ አሁን በጀልባ ሄጄ ነው" አሉኝ። ሌላ ምንም አልጨመሩም።

ረግረጉ የት ሄደ? አንዱ መልስ ሩዝ ነው። እዚህ ላይ ጠንቀቅ ብዬ ልናገር፤ የፎገራን ገበሬ ላወግዝ አልመጣሁም። የፎገራ ሜዳ ክረምት ክረምት በውሃ ይዋጥ ነበር። ሩዝ ሲመጣ ያ ውሃ ሀብት ሆነ። የፎገራዋን ከተማ ወረታን የሚያውቅ ሰው ሩዝ ምን እንደለወጠ ያውቃል፤ የሩዝ መፈልፈያው ድምፅ ራሱ ይነግረዋል። ችግሩ ድንበር አለመኖሩ ነው። እንደ ሸሸርና ወላላ ያሉት የፎገራ ረግረጎች በእርሻ ተበልተው፣ ተጠንፍፈው፣ ለመስኖ ተስበው ጠበዋል። ማጥለያ ጨርቁን ቀደን ልብስ ሰፋንበት። ልብሱ ያስፈልገን ነበር። ጠላው ግን ጉሽ ሆነ።

ሌላው መልስ ባሕር ሸሽ ነው። ይህን ቃል የሐይቁ ዳር ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ከመስከረም በኋላ ውሃው ሲመለስ የሚተወው መሬት ነው። እርጥበት አለው፣ ደለል አለው፣ ሽምብራውም ጓያውም ያምርበታል። የዚህ ከተማ በር ላይ ከሐይቁ የሚወጣውን ውሃ የሚይዘው የጨረጨራ መቆጣጠሪያ ከተሠራ በኋላ የሐይቁ ከፍታ በሰው እጅም መታዘዝ ጀመረ። በ1995 ዓ.ም. ድርቅና ለመብራት የተለቀቀው ውሃ ተደራርበው ሐይቁ በጣም ወረደ። መርከቦች ተቸገሩ። ብዙ መሬት ተገለጠ። የተገለጠውን መሬት ሰው አረሰው። ማን ይፈርድበታል? ወጣቱ መሬት የለውም። በኋላ ውሃው ሲመለስ ግን ደንገሉ አልተመለሰም፤ ሥሩ ታርሷላ። ባሕር ሸሽ ስንል ባሕሩ ራሱ ፈልጎ የሸሸ እናስመስላለን።

ስለ ዓሣው ሳልናገር አላልፍም። ጣና ውስጥ ቆሮሶ አለ፣ አምባዛ አለ። እነዚህ ሌላም ቦታ አሉ። ነጭ ዓሣ የምንለው ግን ሌላ ነገር ነው። ከ15 በላይ ዝርያ አለው፣ አብዛኛው ከጣና በቀር በዓለም ላይ የትም የለም። እዚሁ ሐይቅ ውስጥ ነው የተለያየው፤ አንዱ አፉ ወደ ታች፣ አንዱ ከንፈሩ ወፍራም፣ አንዱ ዓሣ በል። ዓሣ አስጋሪው ሁሉንም ነጭ ዓሣ ይላቸዋል፣ ሳህን ላይ ሲመጡም ያው ናቸው። ብዙዎቹ ግን እንቁላላቸውን ሐይቁ ውስጥ አይጥሉም። ክረምት ሲገባ ወንዙን ይዘው ወደ ላይ ይወጣሉ፣ ወደ ጉማራ፣ ወደ ርብ፣ ወደ መገጭ፣ ወደ ግልገል ዓባይ ገባሮች። የሚፈልጉት ጠጠር ነው። ንጹሕ ጠጠር፣ በመካከሉ አየር ያለው ውሃ የሚመላለስበት። እንቁላሉ እዚያ ጠጠር መሀል ገብቶ ይፈለፈላል።

አሁን ይህን ሃይላንድ ደግማችሁ እዩት። ይህ አንድ ጣት አፈር ያ ጠጠር ላይ ሲተኛ ምን እንደሚሆን ሳልነግራችሁ ይገባችኋል። እንቁላሉ ይታፈናል። በዚያ ላይ ጠጠሩንና አሸዋውን ለግንባታ እየጫንን እንወስዳለን። በዚያ ላይ ዓሣው ለመውጣት ወንዝ አፍ ላይ ሲሰበሰብ መረብ ይጠብቀዋል። ወደ ወንዝ የሚወጡት ዝርያዎች ከ1991 እስከ 2001 እ.ኤ.አ. ባሉት አሥር ዓመታት በሦስት አራተኛ ገደማ መቀነሳቸው ተለክቷል። ይህ እምቦጭ ከመምጣቱ በፊት ነው።

እንግዲህ ምን ይደረግ?

ሌላ አገር ያለውን መንገድ በአጭሩ ልንገራችሁ። ኒው ዮርክ የመጠጥ ውሃው የሚመጣው ከሩቅ ተራሮች ነው። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ከተማው ሁለት ምርጫ ቀረበለት፤ በብዙ ቢሊዮን ዶላር ማጣሪያ መገንባት ወይም ውሃው የሚመነጭበትን መሬት መጠበቅ። በ1997 እ.ኤ.አ. ከገጠሩ ሕዝብ ጋር ተስማማ። መሬቱን ለመሸጥ ከፈቀደው ገዛ፣ ከብት አርቢው ላሞቹን ከጅረት እንዲያርቅ አጥር ከፈለለት። ርካሹ መንገድ መሬቱን መጠበቅ ሆኖ ተገኘ።

በኛ አገር መሬት አይሸጥም አይለወጥም፤ ሕገ መንግሥቱ ነው። ስለዚህ ጉናን ገዝተን ልናጥረው አንችልም። መሬቱ የሚጠበቀው የያዘው ሰው ሲጠብቀው ነው። ሕጉስ አለ። በ1997 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የገጠር መሬት አዋጅ፣ ቁጥር 456፣ ተዳፋትነቱ ከ60 በመቶ በላይ የሆነ መሬት እንዳይታረስና ልቅ ግጦሽ እንዳይሆን ከልክሎ ነበር። ከ31 እስከ 60 በመቶ ያለው እርከን ተሠርቶ ካልሆነ ዓመታዊ ሰብል አይዘራበትም ይል ነበር። ያን አንቀጽ ይዛችሁ ወደ ጉማራ ራስጌ ውጡ፣ ቀና ብላችሁ ተራራውን እዩ። ከሰኔ 2007 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የጣና አካባቢ በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ቦታ ነው፤ ተፈጥሮና የሰው ኑሮ ተጣጥመው እንዲጠበቁበት የተሰየመ ማለት ነው። ካርታው ላይ ዋናው ቀጠና፣ መካከለኛው ቀጠና ተብሎ በቀለም ተለይቷል። መሬቱ ላይ ግን ቀለም የለም። በሬ የሚነዳው ልጅ የት እንደሚጀምር በምን ያውቃል?

ሥራ በጀመርኩበት ጊዜ የደረሰብኝን ልንገራችሁ። አንድ መሥሪያ ቤት ችግኝ አምጥቶ ነበር። በሐምሌ ዝናብ አንድ ቀበሌ ሙሉ ወጥቶ አንድ የተራቆተ ኮረብታ ላይ ተከልን። ፎቶ ተነሣን፣ ሪፖርት ጻፍኩ። ጥር ላይ ስመለስ ኮረብታው ላይ የቀረው የተቆፈረው ጉድጓድ ብቻ ነበር። ከብት በልቶታል። ተናደድኩ። አንድ ሽማግሌ አጠገቤ ቆመው ነበር።

"ልጄ፣ ችግኙ የማን ነበር?" አሉኝ።

"የሕዝብ ነዋ፣ አባባ።"

"ኮረብታውስ?"

"የወል ነው።"

"እንግዲያው በሬዎቹም ከወል ነው የበሉት። ባለቤት የሌለውን ማን ይከልክል?"

ያን ቀን መልስ አልነበረኝም። መልሱን ያገኘሁት ከዓመታት በኋላ ነው፣ ይህ ሁለተኛው ሃይላንድ የተቀዳበት ተዳፋት ላይ። እዚያ ማንም ችግኝ አልተከለም። መጀመሪያ የተደረገው ስብሰባ ነው። በኮረብታው የሚጠቀሙት አባወራዎችና እማወራዎች ተቆጠሩ፣ በስም ተጻፉ። መተዳደሪያ ደንብ አወጡ። ከብት ከገባ ቅጣቱ ይህን ያህል፣ ሣሩ የሚታጨደው በዚህ ወር፣ ክፍፍሉ በዕጣ፣ ጠባቂው ደመወዙ ከሣሩ። በሁለተኛው ዓመት ሣሩ ወገብ ደረሰ። በሦስተኛው ክትክታው፣ አጋሙ፣ ወይራው ራሱ በቀለ፤ ሥሩና ዘሩ ለካ መሬት ውስጥ ነበር። ቀፎ ሰቀሉ። አሁን ከብት ሲገባ የሚጮኸው ጠባቂው ብቻ አይደለም፣ ሣሩ የደረሳት እናት ሁሉ ትጮሃለች።

ከብቱስ የት ይግባ? ከባዱ ጥያቄ ይኼ ነው። ልቅ ግጦሽ ይቁም ማለት ለኛ ቀላል ነው። ለገበሬው ግን የጉልበት ጉዳይ ነው፤ ሣሩን አጭዶ፣ ተሸክሞ፣ ውሃውን ቀድቶ ማቅረብ አለበት። ይህ ሥራ ብዙ ጊዜ የሚወድቀው ሴቶችና ልጆች ላይ ነው። ከብት መቀነስ ያስፈልጋል፣ ግን በሬ ለማረስ ያስፈልገዋል፣ ላም ደግሞ በሬውን ለመውለድ። ነገሩ በተሳካበት ቦታ የተሳካው ሣሩ በእውነት ስለበዛ ነው፤ በእርከኑ ላይ ዝሆኔ ሣር፣ ሰስባንያ፣ ትሪሉሰርን ተተክሎ ከበፊቱ የበለጠ መኖ ስለተገኘ። ሰው ሲጠቀም ያየውን ይይዛል። አዊ ውስጥ ፋግታ ለኮማ ሄዳችሁ እዩ። ገበሬው በራሱ ማሳ ዲከረንስ የሚባለውን ዛፍ ተክሎ ከሰል እያከሰለ ሲሸጥ፣ ማንም ሳያዘው ተራራው ለበሰ። አንድ ዓይነት ዛፍ ብቻ መሆኑ ያሰጋኛል፣ በሽታ ቢገባበት ሁሉም አንድ ላይ ይመታል። መሬቱ ግን በሰኔ ራቁቱን አይደለም።

እርከን ስለመሥራት ብዙ ሰምታችኋል። እኔ ማከል የምፈልገው ቦረቦሩን እንዳንረሳ ነው። ከዚህ ወደ አዴት ስትሄዱ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ደብረ መዊ አለ። ተመራማሪዎች ለዓመታት የለኩበት ተፋሰስ ነው። እዚያ የታየው፣ ከማሳው ላይ ከሚታጠበው ይልቅ ከሸለቆው ሥር ያለው ቦረቦር እጅግ ብዙ አፈር እንደሚሰጥ ነው። ከላይ የሰረገው ውሃ ከታች መሬቱን ያጠግበዋል፣ የቦረቦሩ ግድግዳ ይከብደዋል፣ ይናዳል። ቦረቦር ደግሞ ወደ ላይ ነው የሚሄደው፤ በየክረምቱ ራሱን እየበላ ወደ ማሳው ይወጣል። ስለዚህ ገና ወገብ ሳይደርስ መያዝ አለበት። ግድግዳውን በአካፋ ማስተኛት፣ አናቱን በድንጋይ መደገፍ፣ ሣር መትከል፣ ከብት ማስወጣት። ጥልቀቱ ሰው ከዋጠ በኋላ ጋቢዮን፣ በሽቦ የታሰረ ድንጋይ፣ ቢደረደርለትም ብዙ ጊዜ ይዞት ይሄዳል።

አንድ ነገር ደግሞ ከራሳችን አለ፣ ማንም አላስተማረንም። ደቡብ ጎንደርን ከሰማይ ያየ ሰው ቡናማ መሬት ላይ አረንጓዴ ነጠብጣብ ያያል። እያንዳንዱ ነጠብጣብ ቤተ ክርስቲያን ነው። የደን ተመራማሪው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ ዕድሜውን በእነዚህ ደኖች ላይ ሠርቷል። ከካህናቱ ጋር ተመካክረው በአንዳንዶቹ ዙሪያ የድንጋይ ካብ ካቡ። ድንጋዩ ከየት መጣ? ከገበሬው ማሳ ተለቅሞ። ማሳው ለማረስ ቀለለ፣ ደኑ ከብት አልገባበት አለ፣ ቡቃያው ተነሣ። ዘጌም ቅርባችን ነው። ማረስ በዘጌ የተከለከለ እንደነበር ነዋሪው ከአባቶቹ ይናገራል። ሰው የኖረው በቡናው፣ በጌሾው፣ በፍራፍሬው ነው። ጥላ ያለው ቡና ስላለ ደኑ እስከ ዛሬ ውሃው ዳር ድረስ ይወርዳል። ቀጣዩን እንግዳ ዘጌ ስትወስዱ ገዳሙን ብቻ አታሳዩት። ክረምት ከሆነ ከደኑ የሚወርደውን ውሃ ቀለም አሳዩት።

ንግግሬ እዚህ ላይ አብቅቶ ነበር። ከዚያ ጥያቄ መጣ። ሁለቱን ብቻ ልጻፍ።

አንድ ወጣት ዓሣ አስጋሪ ተነሣ። "እርስዎ ስለ ተራራው ያወራሉ። የከተማው ፍሳሽስ? ሆቴሉስ?" አለኝ። ልክ ነው፣ አሳጥሬ አልፌው ነበር። ባሕር ዳር እያደገች ነው፣ ዳርቻው በግንብ እየታጠረ ነው፣ ያልተጣራ ፍሳሽ ወደ ሐይቁና ወደ ዓባይ ይገባል። ገበሬውን ባሕር ሸሽህን ልቀቅ የምንል ከሆነ፣ እኛም ደንገሉን ነቅለን የሠራነውን መዝናኛ ማየት አለብን። ይህን በሚቀጥለው ጊዜ ራሱን አስችዬ እመለስበታለሁ፤ ልጁንም ከጎኔ አስቀምጬ።

አንዲት መምህርት ደግሞ፣ "ተማሪዎቼን ይዤ ምን ላድርግ? ችግኝ ልትከል?" አለችኝ። መጀመሪያ ሃይላንድ ያዙ አልኳት። በሰኔ፣ በሐምሌ፣ በነሐሴ፣ ከአንድ ቦታ፣ ዝናብ እንዳባራ። ቀንና ቦታ ጻፉበት፣ መስኮት ላይ አቁሙት፣ በማስመሪያ ለኩት። በሚቀጥለው ዓመት ድገሙት። ልጆቹ ከየትኛው ቦረቦር ምን ያህል እንደሚወርድ ሲያውቁ የት መሥራት እንዳለባቸው ማንም አይነግራቸውም።

እኔም ከደራ ሰዎች ጋር ቀጠሮ አለኝ። ይህ ጣት የሚያህል አፈር የወጣበት ቦረቦር ገና ወገብ አልደረሰም። ጥር ላይ፣ መሬቱ ሲደርቅና አዝመራ ሲገባ፣ ግድግዳውን ልናስተኛውና ሣር የሚተከልበትን ልናዘጋጅ ተስማምተናል። መምጣት የምትፈልጉ ስልካችሁን በሩ ላይ ላለችው ልጅ አስመዝግቡ። መኪናው ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ ይነሣል። አካፋ ያለው አካፋውን ይያዝ፣ ጓንትም አይርሳ፤ ድንጋዩ ስለታም ነው።